በመጠነኛ ብር ዕድሜ ያለው የእጅ ሰዓት፦ ምን አይቶ፣ ምን ሞክሮ መግዛት

ጀሞ፣ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ አካባቢ የእጅ ሰዓት የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሦስት አንዱ ጋ ይቆማል፦ አስፋልት ዳር ዘርግቶ የሚሸጥ፣ የሞባይል ዕቃ ሱቅ፣ ወይም ከጥገናው ጎን ያገለገለ የሚሸጥ ሰዓት ሠሪ። ሦስቱም ጋ ደህና ሰዓት ይገኛል፤ ሦስቱም ጋ ወር የማይቆይ ሰዓት ይገኛል። ልዩነቱ ያለው ሻጩ ላይ ሳይሆን ገዢው ምን እንደሚያይ ማወቁ ላይ ነው።

ርካሽ ሰዓት ማሽኑ አርጅቶ የሚቆመው አልፎ አልፎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ውኃና አቧራ ስለሚገባበት፣ ያለቀ ባትሪ ውስጡ ስለሚፈስበት፣ ወይም ቀፎው ተልጦ ላብ ስለሚበላው ነው። ስለዚህ ብራችሁን በኋላ እንደ ዋዛ በማይቀየረው ነገር ላይ አውሉት፤ ቀፎው፣ የጀርባ ክዳኑ፣ ማዞሪያው እና ማሽኑ ላይ። ማሰሪያና ባትሪ ነገም ይቀየራሉ። ከያዛችሁት ብር አንድ አምስተኛ ያህሉን ለደህና ባትሪ፣ ለክዳን ላስቲክ እና ለማሰሪያ አስቀሩ፤ ሻጩ ያስገባው ባትሪ መቼ እንደገባ አይታወቅምና።

ዋጋን በተመለከተ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የተለጠፈ የቴሌግራም ዋጋ ለንጽጽር አይሆንም። የሚሻለው የሞዴሉን ቁጥር ከክዳኑ ላይ ጽፎ መያዝና በአንድ ቀን ሦስት ቦታ መጠየቅ ነው። «ካሲዮ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ዋጋ ይነገረዋል እንጂ ማወዳደር አይችልም፤ የካሲዮ ትንሹና ትልቁ በዋጋ ሰማይና ምድር ናቸው።

ባትሪ ወይስ አውቶማቲክ

አዲስ ሰዓት በመጠነኛ ብር ለሚገዛ ሰው መልሱ ባትሪ፣ ማለትም ኳርትዝ ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ የኳርትዝ ክሪስታል በሰኮንድ 32,768 ጊዜ ትርገበገባለች፤ ሰርኪዩቱ ያንን ቆጥሮ በየሰኮንዱ አንድ ምት ለሞተሩ ይልካል። በዚህ ምክንያት ተራ የሚባለው የጃፓን ኳርትዝ እንኳ በወር ከ20 ሰኮንድ ብዙ አይስትም። ለረጅም ዓመታት በሲኮ 5 ውስጥ ሲገባ የኖረው 7ኤስ26 የተባለ አውቶማቲክ፣ ማለትም ባትሪ ሳይኖረው በእጅ እንቅስቃሴ የሚሞላ ማሽን ግን በፋብሪካው መመዘኛ በቀን 20 ሰኮንድ ወደ ኋላ ቢቀር ወይም 40 ሰኮንድ ቢቀድም ጤነኛ ነው። የቀን ነው፣ የወር አይደለም።

ስህተቱን እንኳ ብንተወው፣ አውቶማቲክ ዘይቱ ይደርቃል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተፈትቶ ታጥቦ ዘይት መቀባት አለበት። ይህን ሥራ በትክክል የሚሠራ ሰው በየታክሲ ተራው አይገኝም። ተራ የኳርትዝ ማሽን ሲበላሽ ግን ሰዓት ሠሪው በሌላ ይተካውና ያበቃል። ከሁሉ የከፋው ምርጫ ስም የለሽ አውቶማቲክ ነው፤ በተለይ ፊቱ ተቦርቡሮ ጥርሶቹ እንዲታዩ የተደረገው። ያማረው ለዓይን ነው፤ ሰዓቱን ለማንበብ እንኳ ያስቸግራል።

የግድ አውቶማቲክ የሚል ሰው ኤንኤች35 የተባለውን የሲኮ ማሽን የያዘ ይፈልግ። ማዞሪያውን በማዞርም ይሞላል፣ ማዞሪያው ሲሳብ ሰኮንዱ ይቆማል፣ ሞልቶ ወልቆ ቢቀመጥ 41 ሰዓት ያህል ይሄዳል። 7ኤስ26 የመጀመሪያዎቹን ሁለት አያደርግም፤ ቆሞ ሲገኝ በእጅ መወዝወዝ እንጂ ማዞሪያውን ማዞር ምንም አይሞላም። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ደህናውን ሰዓት ተበላሽቷል ብሎ ይሸጠዋል።

በፊቱ የታችኛው ጫፍ ላይ በደቃቅ ፊደል «ጃፓን ሙቭት» የሚል ጽሑፍ ብዙ ሰዓት ላይ ታያላችሁ። ትርጉሙ ማሽኑ የጃፓን ነው ማለት ነው፤ ሰዓቱ ጃፓን ተሠራ ማለት አይደለም። ቀፎው፣ ላስቲኩ፣ መስታወቱ ከየትም ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን ደግሞ ማንም ማተም ይችላል። ማረጋገጥ የሚቻለው ክዳኑ ሲከፈት ነው፦ ሚዮታ 2035 የሚል ካያችሁ የሲቲዝን ቤተሰብ ማሽን ነው፣ ፒሲ21 የሚል ከሆነ የሲኮ ቤተሰብ ነው። ሁለቱም ርካሽ፣ ሁለቱም ታማኝ፣ ሁለቱም በአንድ ዓይነት ባትሪ የሚሠሩ ናቸው። ስም ካላቸው መካከል ለመጠነኛ ብር የሚቀርቡት ካሲዮ እና የሲቲዝን ቡድን የሆነው ኪው ኤንድ ኪው ናቸው። ከፍ ካለ ሲቲዝን፣ ሲኮ እና ኦሪየንት ይመጣሉ።

ቀፎው፦ የክዳኑን ጽሑፍ አንብቡ

ሻጩ «ስቲል ነው» ሲላችሁ ገልብጡት። «ስቴይንለስ ስቲል ባክ» የሚል ከሆነ የማይዝገው ክዳኑ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀፎ ነሐስ ወይም የዚንክ ቅይጥ ሆኖ በላዩ ኒኬል ወይም ክሮም የተቀባ ነው። «ኦል ስቴይንለስ ስቲል» ወይም «ስቴይንለስ ስቲል ኬዝ» የሚል ከሆነ ሙሉው ነው። በደህና ሰዓት ላይ ይህ ጽሑፍ ተቀርጾ እንጂ በቀለም ታትሞ አይገኝም፤ ጥፍር ሲያልፍበት ይታወቃል።

የተቀባ ቀፎ ችግሩ ላብ ነው። ጨውና እርጥበት በቀለሙ ስንጥቅ ገብቶ ከሥሩ ያለውን ብረት ይበላል። መጀመሪያ የሚላጠው ከቆዳ ጋር የሚፋተገው የክዳኑ ዙሪያ እና ማሰሪያው የሚገጠምባቸው ቀንዶች ውስጠኛ ጎን ነው። አዲስ ሰዓትም ቢሆን እዚያ ጋ ተመልከቱ፤ ማሰሪያውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋችሁ የፒኑን ቀዳዳ እዩ። ቢጫ ከታየ ነሐስ ነው፤ ግራጫ ሆኖ እንደ ፈንጣጣ የተበሳሳ ከሆነ የዚንክ ቅይጥ ነው፣ እሱን ተዉት። ነሐሱ ቢያንስ ከዚንኩ ይሻላል።

አንዳንድ ሻጮች ማግኔት አስጠግተው «አየህ፣ አልሳበም፣ ኦርጅናል ስቲል ነው» ይላሉ። ይህ ምንም አያረጋግጥም። ነሐስም ዚንክም በማግኔት አይሳቡም። ማግኔቱ የሚያጋልጠው ተራ ብረት ብቻ ነው፤ በተራ ብረት ቀፎ የሚሠራ ሰዓት ደግሞ እምብዛም የለም።

ብሩ ለሙሉ ስቲል ካልደረሰ ቅብ ብረት ከመግዛት ፕላስቲክ መግዛት ይሻላል። የካሲዮ የሬዚን ቀፎ አይዝግም፣ አይላጥም፣ ቢወድቅ ይነጥራል። ግንባታ ላይ ለሚውል፣ ድንጋይ ለሚያነጥፍ፣ ሞተር ለሚነዳ ሰው ከሚያብለጨልጭ ብረት ብዙ እጥፍ ይቆያል። በታክሲ ግፊያም ዓይን አይስብም።

የብረት ማሰሪያ ከሆነ ሁለት ነገር ብቻ እዩ። ሰዓቱን በጎኑ ይዛችሁ ማሰሪያውን አንሱት፤ መገጣጠሚያዎቹ ከስስ ቆርቆሮ የታጠፉ ከሆኑ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ይታያል፣ የእጅ ፀጉርም ይነቅላሉ። ከዚያ በቀንዶቹ መካከል ያለውን ስፋት ለኩ፦ 18፣ 20 ወይም 22 ሚሊ ሜትር ከሆነ ምትክ ማሰሪያ በቀላሉ ይገኛል። ማሰሪያው ከቀፎው ጋር በልዩ ቅርጽ የተጣበቀ ከሆነ ግን ማሰሪያው በተበጠሰ ዕለት ሰዓቱም አብሮ ያበቃል።

ውኃ፦ 30 ሜትር ማለት 30 ሜትር አይደለም

«30 ሜትር» ወይም «3 ባር» የሚለው ጽሑፍ በላብራቶሪ፣ በቆመ ውኃ ግፊት የተለካ ነው። በኑሮ ሲተረጎም፦ ዝናብና እጅ መታጠብ ይችላል፣ ከዚያ በላይ አይሂድ። 50 ሜትር ልብስ ማጠብንና ቀላል ውኃ ነክ ሥራን ይችላል። ዋና የሚዋኝ ሰው 100 ሜትር ይያዝ። «ወተር ሬዚስት» ብቻ ብሎ ቁጥር ከሌለው እንደ 30 ቁጠሩት። ጥምቀት ላይ በጎማ ጸበል ሲረጭ ባለ 30 ሜትር ሰዓት ያለው ሰው እጁን ኪሱ ቢከት ይሻለዋል፤ የሚፈናጠር ውኃ ግፊት ከቆመ ውኃ ይለያል።

ውኃ የሚገባው በሦስት በር ነው፦ በክዳኑ ላስቲክ፣ በማዞሪያው ግንድ፣ በመስታወቱ ዙሪያ። ሙቅ ውኃና ሳሙና ላስቲኩን ያደርቁታል፤ ከምጣድ የሚነሳ እንፋሎት ደግሞ ጠብታ የማታልፍበትን ቀዳዳ ያልፋል። ስለዚህ እንጀራ ሲጋገርና በሙቅ ውኃ ገላ ሲታጠቡ ሰዓት ይወልቃል፣ ባለ 50 ቢሆንም።

ፊቱ ላይ 200 ሜትር ተጽፎ ክዳኑ በቢላ ጫፍ ተፈንቅሎ የሚከፈት የቀስት (ቆጣሪ ያለው) ሰዓት ካያችሁ ቁጥሩ ጌጥ ነው። የእውነተኛ ጠላቂ ሰዓት መመዘኛ አይኤስኦ 6425 ነው፤ እንዲህ ያለ ሰዓት ክዳኑም ማዞሪያውም አብዛኛውን ጊዜ ይጠመዘዛሉ።

መስታወቱ ሥር ጉም ከታየ በዚያው ቀን ክዳኑ ተከፍቶ መድረቅ አለበት። ፀሐይ ላይ ማስቀመጥ ጉሙን ከመስታወቱ ያነሳውና ማሽኑ ላይ ያሳርፈዋል እንጂ አያወጣውም። ሰዓቱ «ዳነ» ተብሎ በሁለተኛው ወር የሚቆመው ለዚህ ነው።

መስታወት

ኮብልስቶን ያልደረሰው ሰፈር አቧራ ውስጥ ባለው የአሸዋ ቅንጣት ኳርትዝ የተባለው ማዕድን ይገኝበታል፤ በሞስ የጥንካሬ መለኪያ 7 ነው። ተራው የሰዓት መስታወት ከ6 ብዙም ስለማያልፍ በአቧራማ እጅጌ ሲወለወል ይጫራል። ሳፋየር የሚባለው መስታወት 9 ነው፤ አቧራ አይነካውም፣ ግን በመጠነኛ ብር እምብዛም አይገኝም። በርካሽ ሰዓት ላይ «ሳፋየር» የሚል ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ስም ብቻ ነው። ፕላስቲክ መስታወት ቶሎ ይጫራል፤ ነገር ግን በጥርስ ሳሙናና በጥጥ ደጋግሞ ሲታሽ ቀላሉ ጭረት ይጠፋል፣ ቢወድቅም አይሰበርም። መስታወቱ ከቀፎው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ሰዓት ምረጡ፤ ግድግዳ ሲነካ ቀድሞ የሚጫረው ብረቱ ይሆናል።

ኮፒውን ከኦርጅናሉ መለየት

በጣም የሚቀዳው ካሲዮ ኤፍ-91ደብሊው ነው፤ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመረት፣ 21 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ባትሪው 7 ዓመት ያህል እንዲቆይ የተሠራ ዲጂታል ሰዓት። በስተቀኝ ያለውን ቁልፍ 3 ሰኮንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፤ በኦርጅናሉ ላይ ቁጥሮቹ ጠፍተው የካሲዮ ስም ይወጣል። በብዙ ኮፒ ላይ ምንም አይወጣም፣ ወይም ሌላ ነገር ይወጣል። ይህ ብቻውን ግን በቂ አይደለም፣ አንዳንድ ኮፒ ይህንንም ተምሯልና። ክዳኑ ላይ በትንሽ ሳጥን ውስጥ 593 የሚል የማሽን ቁጥር መኖሩን፣ በአራት ብሎን መታሰሩን፣ የፊቱ ጽሑፍ ጠርዙ ያልደበዘዘ መሆኑን ጨምራችሁ እዩ።

ክዳኑ ላይ «ቻይና» ወይም «ታይላንድ» ስለተባለ ኮፒ ነው ማለት አይደለም። ካሲዮ ሁለቱም አገር ያመርታል። ይልቅ «ጃፓን ተሠራ» የሚል በጣም ርካሽ ሰዓት ነው ሊያጠራጥር የሚገባው።

የትልልቅ የስዊስ ስሞች ኮፒ ላይ ጊዜ አታጥፉ። ዋጋው ከሐቀኛ ካሲዮ ጋር እኩል ነው፤ ውስጡ ግን የመጨረሻው ርካሽ ማሽን ነው፤ የተከፈለው ለስሙ ነውና። በተለይ ፊታቸው ላይ ሦስት ትንንሽ ክብ ያላቸውን ተጠንቀቁ። በጎን ያሉትን ሁለት ቁልፎች ተጫኑ፤ ምንም የማይንቀሳቀስ ከሆነ ክቦቹ ሥዕል ናቸው።

በቴሌግራም የምትገዙ ከሆነ ከኢንተርኔት የተወሰደ ምስል አትቀበሉ። የክዳኑን፣ የቀንዶቹን ውስጠኛ ጎን እና የማዞሪያውን ፎቶ በቀን ብርሃን አስልኩ፤ ክፍያውም ሞተረኛው አምጥቶ ከታች የተጻፈውን ፈተና ካለፈ በኋላ ይሁን።

ሱቁ ውስጥ የአምስት ደቂቃ ፈተና

1. ማዞሪያውን ሳቡ። ቀን የሌለው ሰዓት አንድ፣ ቀን ያለው ሁለት ግልጽ «ቀጭ» ማለት አለበት። እጅ ላይ የሚወዛወዝ ማዞሪያ አቧራ የሚገባበት በር ነው።

2. ተስቦ እያለ ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት ሁለት ዙር፣ ማለትም 24 ሰዓት አሳልፏቸው። የሰዓት፣ የደቂቃና የሰኮንድ ቆጣሪ አንዱ በሌላው ላይ ሲያልፍ እንዳይነካካ ከጎን ተመልከቱ። ሲነካካ ሰዓቱ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይቆማል፤ ባትሪ ቢቀየርም አይድንም።

3. ደቂቃ ቆጣሪው 12 ላይ ሲደርስ የሰዓት ቆጣሪው አንድ ቁጥር ላይ በትክክል ማረፍ አለበት። በሁለት ቁጥሮች መካከል ከሆነ ቆጣሪው ተነቅሎ በእጅ ተመልሶ የተተከለ ነው፤ አንድ ሰው ከፍቶታል ማለት ነው።

4. ቀኑ መቀየሩን እዩ፤ ከተቀየረ በኋላ ቁጥሩ በመስኮቱ መካከል ይቀመጥ።

5. ማዞሪያውን መልሳችሁ በስልካችሁ ሰዓት ሰኮንዱን አስተካክሉ። በማግስቱ ከአንድ ሰኮንድ በላይ የሳተ ኳርትዝ ጤና የለውም። ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ቀን መመለሻ ቃል ሳትቀበሉ አትክፈሉ። «የአንድ ዓመት ዋስትና አለው» የሚል ሻጭ ምን እንደሚሸፍን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ማሽኑን ብቻ ነው ወይስ ውኃ መግባትንም?

ሰኮንድ ቆጣሪው በፊቱ ላይ ካሉት ሰረዞች ትንሽ ወጣ ብሎ ቢያርፍ አይግረማችሁ። በርካሽ ኳርትዝ ላይ የተለመደ ነው፣ ትክክለኛነቱን አይነካም።

በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን ማዋል

የሰዓቶቹ መመሪያ ወረቀት ስለዚህ ጉዳይ ምንም አይልም፤ ብዙ የቀን መስኮት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ቀን ያለው የቀስት ሰዓት በ24 ሰዓት አንዴ፣ ከሁለቱ 12ቶች በአንዱ ላይ ቀን ይቀይራል። ፋብሪካው ያን 12 እኩለ ሌሊት ብሎ ያስባል። በእኛ አቆጣጠር ግን 12 ወይ ንጋት ነው ወይ ምሽት። በዘፈቀደ የሞላ ሰው ግማሽ ዕድሉ ቀኑ ምሽት ላይ የሚገለበጥ ሰዓት ይዞ መዋል ነው። አካሄዱ እንዲህ ነው፦ ቀኑ እስኪገለበጥ ቆጣሪዎቹን ወደ ፊት አዙሩ። የተገለበጠበት 12 ንጋት 12 ሰዓት ነው በሉ። ከዚያ ተነስታችሁ አሁን ወዳለው ሰዓት ሂዱ፤ አሁን ማታ ከሆነ የምሽቱን 12 አንዴ ማለፍ አለባችሁ።

አደጋው ቀጥሎ ነው። ቀኑ ከመገለበጡ ሦስት ሰዓት ያህል በፊትና ከተገለበጠ በኋላ እስከ አራት ሰዓት ድረስ የቀን ጥርሶቹ ተያይዘው ይቆያሉ። በዚያ መካከል ማዞሪያውን አንድ ቀጭ ስቦ ቀን መቀየር ጥርሱን ያጣምማል ወይም ይሰብራል፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ በሁለት ቁጥሮች መካከል ተንጠልጥሎ ይቀራል። በፈረንጅ አሞላል ይህ ጊዜ ሰው የሚተኛበት ነው። በእኛ አሞላል ግን ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ይሆናል፤ ሰው ወር በገባ ጠዋት ቁርስ ላይ ቀን የሚያስተካክልበት ሰዓት! መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀን ከመንካታችሁ በፊት ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው ስባችሁ ቆጣሪዎቹን 6 ላይ አውርዱ። ሁለቱም 6ቶች ከአደጋው ውጭ ናቸው። ቀኑን ቀይሩ፣ ከዚያ ወደ ሰዓቱ መልሱ።

የቀኑ ቀለበት 31 ቁጥር አለው፤ የእኛ ወር 30 ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ ቀን የሚጠቀም ሰው በየወሩ መባቻ 31 የሚለውን አንዴ ማሳለፍ አለበት። ጳጉሜን 5 ካለቀ በኋላ መስከረም 1 ጠዋት መስኮቱ 6 ይላል፤ 1 እስኪደርስ 26 ጊዜ ይገፋል። ጳጉሜን 6 በሆነበት ዓመት 25 ጊዜ። ይህ የሚያታክተው ሰው ቀን የሌለው ሰዓት ይግዛ፤ ርካሽ ነው፣ የሚበላሽ ክፍሉም ያነሰ ነው።

በዲጂታል ላይ የወሮቹ ርዝመት በፈረንጅ ስለተሞላ ቀኑን በዚያው መተው ይሻላል። ሰዓቱን ግን በ12 ሰዓት አሠራር አድርጉና ንጋት 12ን በኤኤም ሙሉት። ከዚያ ኤኤም የቀን፣ ፒኤም የማታና የሌሊት ምልክት ይሆናል፤ ዕለቱም ንጋት ላይ ይቀየራል።

ሁለቱንም አቆጣጠር የሚፈልግ፣ ለምሳሌ ቢሮው በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ሰው፣ የዓለም ሰዓት ያለውን ካሲዮ ኤኢ-1200 ይመልከት። 100 ሜትር ውኃ ይችላል፣ ባትሪው 10 ዓመት ያህል ይሄዳል ተብሎ ነው የሚሸጠው። አዲስ አበባ በከተማ ዝርዝሩ የለችም፤ ጂዳ ግን ከእኛ ጋር አንድ ሰዓት ነች። ዋናውን ሰዓት በጂዳ ሙሉ። የዓለም ሰዓቱን ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ አድርጉት፤ ከእኛ ልክ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች የምታሳየው የኢትዮጵያን ሰዓት ነው። የበጋ ሰዓት (ዲኤስቲ) ምልክት በሁለቱም ላይ መጥፋቱን አረጋግጡ፣ አለዚያ አንድ ሰዓት ይዛባል። ቀስትም ቁጥርም ያላቸው ብዙዎቹ ካሲዮዎች ደግሞ ሁለቱ ለየብቻ ይሞላሉ፤ ቀስቱን በእኛ፣ ቁጥሩን በፈረንጅ ማድረግ ይቻላል።

ያገለገለ ሲኮ

በአዲስ ተራ ሰዓት ዋጋ ያገለገለ ሲኮ 5 ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ከሁለትና ከሦስት ሰዓት ተለቃቅሞ የተገጠመ ብዙ አለ። ክዳኑን እዩ። እንደ 7ኤስ26 ያለ የማሽን ቁጥር ከሌላ አራት ምልክት ጋር ተጽፎ ታገኛላችሁ፤ በፊቱ የታችኛው ጠርዝ ላይም በጣም ደቃቅ ሆኖ የማሽኑ ቁጥር ይገኛል። ሁለቱ ካልተስማሙ ፊቱ ከሌላ ሰዓት የመጣ ነው። ባለ ስድስት አኃዝ ተከታታይ ቁጥሩ መጀመሪያ የተመረተበትን ዓመት የመጨረሻ አኃዝ፣ ቀጥሎ ወሩን ይናገራል፤ 42 ብሎ የሚጀምር በ4 በሚያልቅ ዓመት የካቲት ወር በፈረንጅ ተመረተ ማለት ነው። ሻጩ «የአምና ነው» ካላችሁ ከዚህ ጋር አስተያዩት። ፊቱ ደማቅ ብርቱካን ወይም አረንጓዴ ሆኖ ጽሑፉ ወፍራምና የተንሻፈፈ ከሆነ እንደገና የተቀባ ነው።

ጆሮ ላይ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝውዙት። የሚንሸራተት ለስላሳ ድምፅ የሚሞላው ክብደት ነው፣ ጤነኛ ነው። የሚንኳኳ ከሆነ ብሎኑ ላልቷል ወይም መሽከርከሪያው ተበልቷል።

ያገለገለ የፀሐይ ሰዓት፣ እንደ ሲቲዝን ኢኮ ድራይቭ ያለው፣ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ከቆየ የሚሞላው ባትሪው ደክሞ ሊሆን ይችላል። አንድ ሙሉ ቀን ፀሐይ አግኝቶ በማግስቱ ጨለማ ውስጥ ከቆመ አትግዙት።

ባትሪ ሲቀየር

የአብዛኛው የቀስት ኳርትዝ ባትሪ 377 ወይም ኤስአር626ኤስደብሊው ይባላል፤ ስፋቱ 6.8፣ ውፍረቱ 2.6 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ የብር ኦክሳይድ ባትሪ ነው፤ ጉልበቱ 1.55 ቮልት ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ ሳይዋዥቅ ይቆያል። በካርቶን ተደርድሮ በርካሽ የሚሸጠው ኤጂ4 ወይም ኤልአር626 መጠኑ ያው ነው፣ ግን አልካላይን ነው፦ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ ሲያልቅም ይፈሳል። የሚፈሰው ነገር የመዳብ ሽቦውን ስለሚበላ የባትሪ ልዩነት የነበረው የማሽን ዋጋ ይሆናል። ሰዓት ሠሪውን «377 የብር አለህ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከሌለው ራሳችሁ ገዝታችሁ ውሰዱለት።

ሲሠራ ቆማችሁ እዩ። ክዳኑ ሲነሳ ላስቲኩ ተበጥሶ ወይም ጠፍጥፎ ከሆነ አዲስ ይግባ፤ ደህና ከሆነም ጥቂት የሲሊኮን ቅባት ይቀባ። ባትሪውን በብረት ወረንጦ ሁለቱን ፊቱን አንድ ላይ ከያዘው ባትሪው ከመግባቱ በፊት ጉልበት ያጣል፤ በጎኑ ይያዝ ወይም የፕላስቲክ ይጠቀም። ክዳኑ ሲመለስ ላስቲኩ ተቆንጦ ካልወጣ በዙሪያው ምንም ክፍተት አይታይም። ክዳኑን በፒንሳ ወይም በጥርስ የሚጫን ሠሪ ጋ አትመለሱ፤ መስታወት የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። በዲጂታሎቹ ላይ 2016 እና 2025 የሚባሉት ባትሪዎች ስፋታቸው እኩል ቢሆንም ውፍረታቸው 1.6 እና 2.5 ሚሊ ሜትር ስለሆነ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

የቆመ ሰዓት ባትሪው ውስጡ እንዳለ ሳጥን ውስጥ አይቀመጥ። የሚሠራውን ለሁለትና ሦስት ወር የማታስሩት ከሆነ ማዞሪያውን ስባችሁ ተዉት፤ ሞተሩ ስለሚቆም የባትሪው ፍጆታ በብዙ ይቀንሳል። ከስድስት ወር በላይ ከሆነ ግን ባትሪውን አስወጡት።